የባለ ራእዩ የአምፊያራዎስ ታሪክ፤ ከግሪክ ተረት እስከ ሮማ ሸንጎ

መግቢያ

ክርስቶስ ከመወለዱ 73 ዓመት አስቀድሞ፥ በጥቅምት ወር፥ በሮማ ከተማ አንድ እንግዳ የሆነ ክርክር ተሰማ። በአንድ ወገን የቆሙት በግሪክ አገር የሮማን ግብር በጨረታ ይዘው የሚሰበስቡ ቀራጮች ነበሩ፤ በሌላው ወገን የቆሙት ኦሮጶስ ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጡ መልክተኞች ናቸው። የተጣሉበት ነገር የመሬት ግብር ነው። ነገር ግን ግብሩ ይገባል ወይም አይገባም ለማለት አስቀድሞ የሚመለስ ሌላ ጥያቄ ነበረ፤ ይኸውም «አምፊያራዎስ ሰው ነው ወይስ አምላክ?» የሚለው ነው።

አምፊያራዎስ እንደ ጢሬስያስና እንደ ካልካስ በግሪኮች ተረት ውስጥ ስማቸው ከሚጠራ ባለ ራእዮች አንዱ ነው። ስለ እርሱ የሚነገረው ነገር አጭርና አሳዛኝ ነው፤ እንደሚሞት እያወቀ ወደ ጦርነት ሄደ፤ ምድርም ተከፍታ ዋጠችው። ተረቱ በዚህ ያልቃል። የታሪክ ተማሪ ሥራ ግን የሚጀምረው ተረቱ ካለቀበት ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ነገሥታት፥ ከተሞች፥ ዳኞችና ቀራጮች እያንዳንዳቸው ይህ ባለ ራእይ ምን እንደ ሆነ እንደየጥቅማቸው ፈርደውበታል። ይህ ጽሑፍም ሊያሳይ የሚሞክረው ይህንኑ ነው፤ የአምፊያራዎስ ማዕርግ የተወሰነው እርሱ ባየው ራእይ ሳይሆን፥ መሬትና ገንዘብ፥ ጦርነትና ሕግ ባመጡት ክርክር ነው።

1ኛ/ ባለ ራእይ በግሪኮች ዘንድ

ግሪኮች እንደ አምፊያራዎስ ያለውን ሰው «ማንቲስ» ይሉታል። ይህን ቃል ወደ አማርኛ መመለስ ቀላል አይደለም። ነቢይ ብንለው በቅዱሳት መጻሕፍት ካሉት ነቢያት ጋር ይደባለቅብናል፤ ማንቲስ ግን ሕዝብን ስለ ኃጢአቱ ለመገሠጽ የተላከ ሰው አይደለም። ጠንቋይ ብንለው ደግሞ ስሙን እናረክሰዋለን፤ ማንቲስ በግሪኮች ዘንድ በአደባባይ የተከበረ ባለ ሞያ ነበረና። ስለዚህ በመጽሐፈ ሳሙኤል የምናገኘውን «ባለ ራእይ» የሚለውን ቃል መርጠናል።

የባለ ራእይ ሥራው የወፎችን በረራ መመልከት፥ የመሥዋዕቱን ከብት ጉበት መመርመርና ሕልም መፍታት ነው። የግሪክ ጦር አዛዥ ባለ ራእዩ መሥዋዕቱን አይቶ «መልካም ነው» ሳይለው ጦርነት አይገጥምም። ይህም በተረት ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። በ479 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ከዚህ በኋላ ቅ. ል. ክ. እያልን እንጽፋለን) ግሪኮች በፕላጥያ ሜዳ ከፋርስ ሠራዊት ጋር በገጠሙ ጊዜ የስፓርታ ባለ ራእይ የኤሊስ ተወላጅ የሆነው ቲሳሜኖስ ነበረ። ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቶስ እንደሚለው፤ ስፓርታውያን እርሱን ለማግኘት ብለው ለባዕድ ሰው የማይሰጡትን የዜግነት መብት ለእርሱና ለወንድሙ ሰጥተዋል። እንግዲህ ስለ አምፊያራዎስ የሚነገረውን ስንሰማ፥ ሰሚዎቹ በየጦር ሜዳው እንዲህ ያለውን ሰው በዓይናቸው ያዩ እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል።

2ኛ/ ተረቱ

አምፊያራዎስ የአርጎስ ሰው፥ የታላቁ ባለ ራእይ የሜላምጶስ ዘር ነው። ከአርጎስ ንጉሥ ከአድራስጦስ ጋር ቀድሞ ጠብ ነበረው፤ በኋላ ታረቁና የንጉሡን እኅት ኤሪፊሌን አገባ። ዕርቁም እንዲጸና ሁለቱ ሰዎች ተማማሉ፤ ወደ ፊት በመካከላቸው ክርክር ቢነሣ ፍርዱን ኤሪፊሌ ትሰጣለች፤ ሁለቱም በቃልዋ ያድራሉ።

በዚያን ጊዜ የኤዲፖስ ልጅ ፖሊኒኬስ ወንድሙ ኤቴኦክሌስ ከቴቤ ከተማ ስላባረረው ወደ አርጎስ ተሰደደ። ይህች ቴቤ በግሪክ አገር በቢዮትያ ያለችው ናት እንጂ የግብጽዋ አይደለችም። አድራስጦስ ልጁን ድሮለት ወደ መንግሥቱ ሊመልሰው ቃል ገባ፤ ሰባት አለቆችም ለሰባቱ የቴቤ በሮች ተመደቡ። አምፊያራዎስ ግን ከአድራስጦስ በቀር ከዘመቱት አለቆች አንድም እንደማይመለስ ዐውቆ ዘመቻውን ተቃወመ። በዚህ ጊዜ ፖሊኒኬስ ከአያቶቹ የወረሰውን የሐርሞንያን የወርቅ ሐብል ለኤሪፊሌ ሰጣት። እርስዋም ጉቦውን ተቀብላ ባልዋ እንዲዘምት ፈረደች።

አምፊያራዎስ መሐላውን አላፈረሰም። ልጆቹን አልክሜዎንንና አምፊሎኮስን ጠርቶ ባደጉ ጊዜ ደሙን እንዲበቀሉ አዘዛቸውና ሄደ። ጦርነቱም እንደ ተናገረው ሆነ። ሠራዊቱ ተሸነፈ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ተጋደሉ፤ አምፊያራዎስም በሠረገላው ሆኖ በእስሜኖስ ወንዝ አጠገብ ሲሸሽ የጠላት ጦር ከኋላው ሊደርስበት ሲል ዜውስ ምድርን በመብረቅ ሰነጠቃት፤ እርሱም ከሠረገላውና ከነጂው ጋር ወደ ውስጥ ገባ። ከብዙ ዓመት በኋላ ልጁ አልክሜዎን እናቱን ገደለ፤ ደምን የሚበቀሉ መናፍስትም ዕብድ አድርገው ከአገር አገር አሳደዱት።

በዚህ ተረት ውስጥ ጥፋቱ ሁሉ በሴቲቱ ላይ እንደ ወደቀ እናያለን። የሆሜር ኦዲሴያ እንኳ ኤሪፊሌን በሙታን አገር ካሉት ሴቶች መካከል ቈጥሮ በክፉ ያነሣታል። ነገር ግን ነገሩን በጥሞና ብናየው፥ ጉቦ የሰጠው ፖሊኒኬስ ነው፤ ዘመቻውን ያሰበው አድራስጦስ ነው፤ የሰውን ሕይወት በአንድ ዳኛ ቃል ላይ የጣለውን መሐላ የማለው ራሱ አምፊያራዎስ ነው። ወደ ፊት የሚሆነውን ያወቀ ሰው ይህን መሐላ ሲምል ምነው አላየም? ተረቱ ለዚህ መልስ አይሰጥም። ምናልባት ሊያስተምረን የፈለገው ማወቅ አንድ ነገር፥ የመወሰን ሥልጣን ሌላ ነገር መሆኑን ነው። አምፊያራዎስ ሁሉን ያውቃል፤ ከሚያውቀው አንዱን እንኳ ሊያስቀር አይችልም።

3ኛ/ ሠዓሊዎችና ባለ ቅኔዎች

ይህ የመለያየት ሰዓት የጥንት ሠዓሊዎችን ልብ እጅግ ነክቶ ነበር። ፓውሳንያስ የተባለው ግሪካዊ መንገደኛ፥ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት ኦሊምፒያን ሲጐበኝ፥ የቂፕሴሎስ ሣጥን የሚባለውን ከዝግባ የተሠራ የጥንት ሣጥን አይቶ ሥዕሎቹን ዘርዝሮ ጽፎአል። ከእነዚህ በአንደኛው ላይ ኤሪፊሌ ሐብሉን ይዛ በቤቱ አጠገብ ቆማለች፤ አምፊያራዎስ አንድ እግሩን ሠረገላው ላይ አድርጎ፥ ሰይፉን መዝዞ፥ ቁጣውን መቻል አቅቶት ወደ እርስዋ ዞሮአል። ሣጥኑ ዛሬ የለም። ነገር ግን በ560 ቅ. ል. ክ. ገደማ በቆሮንቶስ ተሠርቶ በኢጣልያ አገር ቸርቬተሪ በተባለ ስፍራ በተገኘ አንድ የወይን መበረዣ ጋን ላይ ያው ሥዕል ሊባል በሚችል አኳኋን ተስሎ ነበር። በዚያ ሥዕል ላይ አንድ ሽማግሌ ባለ ራእይ በሠረገላው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ እጁን በራሱ ላይ አድርጎአል፤ የሚመጣውን ዐውቆ የሚያዝን ይመስላል። ይህ ጋን በበርሊን ይቀመጥ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፍቶ አሁን የቀሩት ፎቶግራፎችና ንድፎች ብቻ ናቸው።

ከባለ ቅኔዎቹ ደግሞ አይስኪሎስን መጥቀስ ይበቃናል። በ467 ቅ. ል. ክ. በአቴና ባሳየው ስለ ሰባቱ አለቆች በሚናገረው ቴያትር ውስጥ አምፊያራዎስ በስድስተኛው በር ቆሞአል። የሌሎቹ አለቆች ጋሻ ትዕቢታቸውን በሚያሳይ ምልክት ያጌጠ ነው፤ የእርሱ ጋሻ ግን ምንም ምልክት የለበትም፤ መልካም መስሎ መታየትን ሳይሆን መልካም መሆንን ስለሚወድ ነው ይላል ገጣሚው። ፕሉታርኮስ እንደ ጻፈው፤ ይህ ቃል በተነገረ ጊዜ የአቴና ተመልካቾች ሁሉ ዞረው ጻድቅ የሚባለውን አርስጢዴስን ተመለከቱ። በዚያው ቴያትር ባለ ራእዩ ፖሊኒኬስን የገዛ አገሩን ለማጥፋት ባዕድ ጦር በማምጣቱ ይገሥጸዋል፤ ስለ ራሱም በጠላት ምድር ተቀብሮ ያንን ምድር እንደሚያበለጽግ ይናገራል። ይህ የመጨረሻው አነጋገር ልብ ሊባል ይገባል፤ አይስኪሎስ በጻፈበት ዘመን የአምፊያራዎስ ምድር ውስጥ መኖር በረከት እንደሚያስገኝ አስቀድሞ ይታመን እንደ ነበረ ያስረዳናልና።

4ኛ/ መቃብር የሌለው ሰው

አምፊያራዎስ ምድር ዋጠችው ስለ ተባለ አስከሬኑ የለም። አስከሬን የሌለውን ሰው ደግሞ «በእኛ አገር ነው ያለው» ለማለት የሚከለክል የለም። የቴቤ ሰዎች ምድር የተሰነጠቀችበት ስፍራ ይህ ነው እያሉ በከተማቸው አጠገብ በአዕማድ የተከበበ አንድ ትንሽ ግቢ ያሳዩ ነበር፤ በአዕማዱ ላይ ወፍ አይቀመጥም፥ በግቢውም ከብት አይግጥም ይሉ ነበር። የታናግራ ሰዎች ደግሞ ሠረገላው የጠፋው በቴቤና በካልኪስ መካከል ባለው ሐርማ በተባለ መንደር ነው እያሉ ይከራከራሉ፤ ሐርማ በግሪክ ቋንቋ ሠረገላ ማለት ነው። ኦሮጶሳውያን በበኩላቸው በአገራቸው ካለች አንዲት ምንጭ አምላክ ሆኖ ወጣ ይላሉ። ይህን ሁሉ የነገረን ፓውሳንያስ ነው።

ከሁሉም በፊት በታሪክ መጻሕፍት የምናገኘው ግን በ6ኛው መቶ ዓመት ቅ. ል. ክ. የልድያ ንጉሥ የነበረው ክሮይሶስ ያደረገውን ነው። ሄሮዶቶስ እንደሚተርከው፤ ክሮይሶስ ከፋርስ ጋር ለመዋጋት ባሰበ ጊዜ የትኛው የትንቢት መጠየቂያ ስፍራ እውነት እንደሚናገር ለመፈተን ወደ ብዙ ቦታ መልክተኞች ላከ። ከሰርዴስ በወጡ በ100ኛው ቀን ንጉሡ በዚያች ሰዓት ምን እንደሚሠራ እንዲጠይቁ አዘዛቸው። ክሮይሶስም በዚያ ቀን ማንም ሊገምተው የማይችለውን አደረገ፤ ኤሊና የበግ ጠቦት ቈራርጦ የናስ ክዳን ባለው የናስ ድስት ቀቀለ። የዴልፊ መልስ ልክ ሆኖ ተገኘ። የአምፊያራዎስንም መልስ ንጉሡ እውነተኛ ነው ብሎ ስለ ተቀበለው፥ ሁለመናው ወርቅ የሆነ ጋሻና ጦር ላከለት። ሄሮዶቶስ እነዚህ ዕቃዎች በእርሱ ዘመን በቴቤ በአፖሎን መቅደስ ውስጥ ይገኙ እንደ ነበር ይናገራል። እ. ኤ. አ. በ2014 ደግሞ በቴቤ የተገኘ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ታትሞ ወጥቶአል፤ ጽሑፉ ለአምፊያራዎስ ስለ ተሰጠ፥ ተሰርቆም እንደ ገና ስለ ተገኘ ጋሻ ይናገራል፤ የክሮይሶስም ስም ተነቦበታል። ይህ ክሮይሶስ የልድያው ንጉሥ ራሱ ነው ወይስ ሌላ የሚለው ጉዳይ ሊቃውንቱን ያከራክራል፤ ሆኖም ሄሮዶቶስ ጋሻውን በተመለከተ የቴቤ ሰዎች ራሳቸው የሚናገሩትን እንደ ጻፈ ድንጋዩ ይመሰክርለታል።

ክሮይሶስ በሁለተኛው ጊዜ ስለ ጦርነቱ ሲጠይቅ የዴልፊና የአምፊያራዎስ መልስ አንድ ሆነ፤ ቢዘምት ታላቅ መንግሥት እንደሚያፈርስ ነገሩት። ዘመተ፤ ያፈረሰውም የራሱን መንግሥት ነው። ባለ ራእዩ በሕይወቱ እንደ ደረሰበት ሁሉ ከሞተ በኋላም የተናገረው እውነት ለሰሚው አልጠቀመም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ስለ ራሳቸው ስለ ቴቤ ሰዎች የተጻፈው ነው። በ480 ቅ. ል. ክ. ክረምት የፋርስ ጦር አዛዥ ማርዶንዮስ ሚስ የተባለ ሰው ወደ ልዩ ልዩ መጠየቂያ ስፍራዎች ልኮ ነበር። ሚስ ቴቤ በደረሰ ጊዜ በአምፊያራዎስ መቅደስ ተኝቶ ሕልም የሚያይለት አንድ ባዕድ ሰው በገንዘብ ገዛ፤ ለቴቤ ሰው በዚያ መተኛት ክልክል ነበረና። ሄሮዶቶስ የክልከላውን ምክንያት ሲገልጽ እንዲህ ይላል፤ አምፊያራዎስ ለቴቤ ሰዎች ሁለት ነገር አቅርቦላቸው ነበር፤ ወይ ባለ ራእያቸው ይሁን፥ ወይ በጦርነት ረዳታቸው ይሁን፤ አንዱን ሲመርጡ ሌላውን ይተዋሉ። እነርሱም ረዳትነቱን መረጡ።

ይህን ምርጫ በሁለት መንገድ መረዳት ይቻላል። በመጀመሪያ፥ አምፊያራዎስ ወደ ቴቤ የመጣው ሊወጋት ነው፤ በምድርዋ ውስጥ ያለ ጠላት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ወዳጅ አድርጎ መያዝ ለከተማይቱ ደኅንነት የሚያስፈልግ ነገር ነበር። ሁለተኛውና በእኛ አስተያየት ጥልቅ የሆነው ግን ይህ ነው፤ እውነትን የሚናገር ባለ ራእይና ለአንድ ወገን የሚዋጋ ረዳት በአንድ ሰው ላይ ሊገኙ አይችሉም። ባለ ራእዩ የምትሸነፍበትንም ቀን ሊነግርህ ግድ ነው። የቴቤ ሰዎች ከሚነግራቸው ይልቅ የሚረዳቸውን ፈለጉ። ለማርዶንዮስ የተላከው ሰው ግን፥ ፕሉታርኮስ እንደሚለው፥ በሕልሙ የመቅደሱ አገልጋይ እንዲወጣ አዝዞት እንቢ ቢለው በድንጋይ ራሱን ሲመታው አየ። በሚቀጥለው ዓመት ማርዶንዮስ በፕላጥያ ሜዳ በድንጋይ ተመትቶ ሞተ።

5ኛ/ የኦሮጶስ መቅደስ

ኦሮጶስ በአቲካና በቢዮትያ ድንበር ላይ፥ ከኤውቦያ ደሴት ፊት ለፊት ያለች ከተማ ናት። አቴናና ቴቤ ለብዙ ዘመን ተፈራርቀው ይዘዋታል። በ5ኛው መቶ ዓመት ቅ. ል. ክ. መጨረሻ ገደማ ከከተማይቱ ጥቂት ራቅ ብሎ በአንድ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ ለአምፊያራዎስ መቅደስ ተሠራ። በዚህ ስፍራ ባለ ራእዩ ሙሉ አምላክ ተባለ፤ ሥራውም ይልቁን በሕልም ሕመምተኞችን መፈወስ ሆነ። የግሪክ የሥነ ቅርስ ማኅበር ከ1884 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ.) ጀምሮ ስፍራውን ስላስቈፈረ ዛሬ የመቅደሱን መሠረት፥ ሰዎች የሚተኙበትን 110 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን የአዕማድ አዳራሽ፥ አምስት የእብነ በረድ ወንበሮች ያሉትን ትንሽ ቴያትርና የውሃ ሰዓቱን ለማየት ይቻላል።

ከተገኙት ጽሑፎች ሁሉ ጠቃሚው በ4ኛው መቶ ዓመት ቅ. ል. ክ. መጀመሪያ ገደማ የተቀረጸው የመቅደሱ ደንብ ነው። ካህኑ ክረምቱ ካለፈ በኋላ እስከ እርሻ ወራት ድረስ ወደ መቅደሱ እንዲመጣ፥ ከሦስት ቀን በላይም እንዳይቀር፥ በየወሩ ከዐሥር ቀን ያላነሰ በዚያ እንዲቀመጥ ያዝዛል። ለመፈወስ የሚመጣ ሰው የመቅደሱ አገልጋይ ባለበት ከዘጠኝ ኦቦል ያላነሰ ጥሩ ብር በሣጥኑ ይጨምራል። የተኚው ስምና የአገሩ ስም በሰሌዳ ተጽፎ ሊያነብ ለሚፈልግ ሁሉ ይሰቀላል። ወንዶች ከመሠዊያው በስተ ምሥራቅ፥ ሴቶች በስተ ምዕራብ ይተኛሉ። የመሥዋዕቱ ሥጋ ከግቢው አይወጣም። ስድስት ኦቦል አንድ ድራክማ ነው፤ በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአቴና የአንድ ጥሩ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ አንድ ድራክማ ያህል ነበርና፥ ዘጠኝ ኦቦል የአንድ ቀን ተኩል ደመወዝ መሆኑ ነው። ድንጋዩን የመረመሩት ሊቃውንት እንደሚሉት የገንዘቡ ልክ የተጻፈበት ቦታ ቀድሞ የነበረው ተፍቆ እንደ ገና የተቀረጸ ነው፤ የመቅደሱ ዋጋ ተሻሽሎአል ማለት ነው።

ሥርዐቱን ፓውሳንያስ ይነግረናል። ጠያቂው ራሱን ያነጻል፤ በግ ይሠዋል፤ ቆዳውን አንጥፎ በላዩ ይተኛል፤ ሕልምም ይጠብቃል። ከበሽታው የዳነ ሰው የብር ወይም የወርቅ ገንዘብ ወደ ምንጩ ይጥላል። በአቴና ብሔራዊ የሥነ ቅርስ ሙዚየም ደግሞ አርኪኖስ የተባለ ሰው ስለ መዳኑ ለአምፊያራዎስ ያቀረበው የድንጋይ ቅርጽ አለ። በአንድ በኩል አምላኩ የሕመምተኛውን ትከሻ ሲያክም ይታያል፤ ከበስተኋላ ያው ሕመምተኛ አልጋ ላይ ተኝቶ እባብ ትከሻውን ይነካዋል፤ በጠርዙ ደግሞ ቆሞ ይታያል። አንዱ መዳን በሁለት መንገድ ታይቶአል ማለት ነው፤ የተኛው ሰው በሕልሙ ያየው ሐኪሙን ነው፤ ነቅቶ በአጠገቡ የቆመ ሰው ግን የሚያየው እባቡን ነው።

6ኛ/ ሕልም በአቴና ፍርድ ቤት

በ338 ቅ. ል. ክ. ፊልጶስ በካይሮንያ ግሪኮችን ድል ካደረገ በኋላ ኦሮጶስ ከመቄዶንያ ነገሥታት እጅ ለአቴና ተሰጠች። አቴናውያን ለአምፊያራዎስ በ1000 ድራክማ የወርቅ አክሊል አሠርተው አከበሩት፤ ታላቅ በዓልም አቋቋሙለት። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የኦሮጶስን ኮረብቶች በአምስት ዕጣ ከፍለው ለዐሥሩ ነገዶቻቸው፥ ለሁለት ሁለት ነገድ አንድ አንድ ዕጣ፥ አካፈሉ። ከዚህ በኋላ ለሁለት ነገዶች የደረሰው ኮረብታ የአምላኩ ርስት ነው የሚል ወሬ ተነሣ።

ሕዝቡ ነገሩን ለማወቅ ያደረገው ነገር ለእኛ እንግዳ ነው። ኤውክሴኒጶስ የተባለውን ሽማግሌ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር መርጦ በመቅደሱ እንዲተኙ አዘዘ። ኤውክሴኒጶስ ተኛ፤ ያየውንም ሕልም መጥቶ ተናገረ። ፖሊኤውክቶስ የተባለው ፖለቲከኛም ጉቦ በልቶ ሐሰተኛ ሕልም ተናግሮአል ብሎ በከባድ ወንጀል ከሰሰው፤ በእንዲህ ያለ ክስ የተረታ ሰው ሞት ሊፈረድበት ይችላል። ሂፐሪዴስ ለተከሳሹ የተናገረው ንግግር በ19ኛው መቶ ዓመት በግብጽ ከተገኘ ፓፒሩስ ላይ ተነቦአል።

የሂፐሪዴስ ክርክር ብልህ ነው። ሕዝቡ ተኛ አለው፥ ተኛ፤ ያየኸውን ንገረን አለው፥ ነገረ፤ ሕልሙ ሐሰት መስሎህ እንደ ሆነ ወደ ዴልፊ ልከህ አምላኩን መጠየቅ ይገባህ ነበር እንጂ ሰውየውን መክሰስ አልነበረብህም ይላል። ደግሞም ፖሊኤውክቶስ ራሱ ቀድሞ ሁለቱ ነገዶች ኮረብታውን ለአምላኩ እንዲመልሱ፥ ሌሎቹ ስምንት ነገዶች ግን እንዲክሱአቸው ሐሳብ አቅርቦ 25 ድራክማ ተቀጥቶ ነበር። ኮረብታው የአምላኩ ከሆነ ነገዶቹ ለምን ይካሳሉ? የነገዶቹ ከሆነስ ለምን ይነጠቃሉ? እያለ ጠበቃው ይጠይቀዋል። በተረቱ ኤሪፊሌ በጉቦ ፈርዳ ባለ ራእዩን ለሞት ሰጠች፤ በአቴና ደግሞ የባለ ራእዩ ሕልም ራሱ የጉቦ ክስ መነሻ ሆነ። በሁለቱም ቦታ የሚጠየቀው አንድ ነው፤ ቃሉን የሚያመጣልን ሰው እውነተኛ ነውን?

7ኛ/ ቀራጮችና ሴኔት

አሁን ወደ ጀመርንበት እንመለሳለን። የሮማ ጦር አዛዥ ሱላ በ80ዎቹ ዓመታት ቅ. ል. ክ. በግሪክ አገር ከሚትሪዳጤስ ጋር ሲዋጋ ለአምፊያራዎስ ተስሎ ነበር። ስእለቱንም ለመክፈል በመቅደሱ ዙሪያ በየአቅጣጫው 1000 ጫማ (300 ሜትር ያህል) መሬት ከግብር ነጻ አድርጎ ሰጠው፤ የኦሮጶስንም ገቢ ለአምላኩ በዓልና ጨዋታ እንዲውል መደበ። ሴኔቱ ይህን አጸደቀ። የግብር ጨረታው ውልም ለማይሞቱ አማልክት የተሰጠው መሬት ከግብር ነጻ ነው ይላል።

ቀራጮቹ ከውሉ ውስጥ «የማይሞቱ» በምትለዋ ቃል ተጠጉ። አምፊያራዎስ ሰው ነበረ፤ ስለዚህ የማይሞት አምላክ አይደለም፤ ስለዚህ መሬቱ ግብር ይከፍላል አሉ። የኦሮጶስ መልክተኞች፥ ከነርሱም መካከል የመቅደሱ ካህን ሄርሞዶሮስ፥ የሱላን ውሳኔ አቅርበው ተከራከሩ። ቈንስሎቹ ማርቆስ ቴሬንትዮስ ቫሮ ሉኩሎስና ጋይዮስ ካስዮስ ሎንጊኖስ አማካሪዎቻቸውን ሰብስበው ነገሩን መረመሩ፤ ከአማካሪዎቹም አንዱ በዚያን ጊዜ የ33 ዓመት ሰው የነበረው ሲሴሮ ነው። ፍርዱ ለኦሮጶስ ሆነ። የፍርዱ ቃል በግሪክ ቋንቋ በድንጋይ ተቀርጾ በመቅደሱ ቆመ፤ በቁፋሮም ተገኝቶአል።

ሲሴሮ ግን ነገሩን አልረሳውም። ከ28 ዓመት በኋላ፥ በ45 ቅ. ል. ክ.፥ ስለ አማልክት ባሕርይ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፥ ቀድሞ ሰዎች የነበሩት የማይሞቱ አማልክት ሊባሉ አይችሉም ያሉትን ቀራጮች ያስታውሳል፤ አምፊያራዎስስ በውኑ አምላክ ነውን? የሚለውንም ጥያቄ በአንዱ ተናጋሪ አፍ ያስነሣል። በሸንጎ ተቀምጦ ፍርዱን የሰማው ሰው በመጽሐፉ ውስጥ የቀራጮቹን ጥያቄ ቀላል አድርጎ አላለፈውም። ቀራጮቹ ለገንዘብ ብለው የጠየቁት ጥያቄ ፈላስፎች በቅንነት የሚጠይቁት ጥያቄ ነበረ።

መደምደሚያ

ካየነው ሁሉ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ ተረትን «ተረት ነው» ብሎ መጣል ለታሪክ ተማሪ አይበጀውም፤ እንዳለ አምኖ መቀበልም አይገባውም። አምፊያራዎስ የሚባል ሰው በእውነት መኖሩን የሚያረጋግጥልን ማስረጃ የለም። ሰዎች ስለ እርሱ ያደረጉት ነገር ግን እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ዘጠኙ ኦቦል ተከፍሎአል፤ አርኪኖስ ድንጋዩን አስቀርጾአል፤ ኤውክሴኒጶስ በፍርድ ፊት ቆሞአል፤ ቀራጮቹም ተረትተዋል።

ሁለተኛው፥ ባለ ራእዩ ምን እንደ ሆነ በእያንዳንዱ ዘመን የወሰነው ሌላ ሰው ነው። ኤሪፊሌ ወታደር አደረገችው፤ የቴቤ ሰዎች የጦር ረዳት አደረጉት፤ ኦሮጶሳውያን ሐኪም አደረጉት፤ የአቴና ነገዶች የርስት ምስክር አደረጉት፤ የሮማ ሴኔት አምላክ ብሎ ፈረደለት፤ በዚያም ፍርድ ከመሬት ግብር ነጻ የሆነ ባለ ርስት ሆነ። አምፊያራዎስን ስለ ባለ ራእይነቱ ብቻ የፈለገው ሰው ጥቂት ነው። የፈለገውም እንደ ክሮይሶስ የሰማውን ቃል በምኞቱ ተርጒሞ ጠፋ። የጥንት ግሪኮች ይህን ተረት እየደጋገሙ የነገሩት ወደ ፊት የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው አለ ብለው ስለሚያምኑ ብቻ አይመስለንም። እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝም እንኳ የሚሰማው እንደማይኖር ከራሳቸው አኗኗር ስላወቁ ጭምር ይመስለናል።